ሲባጎው ሳይመለስ

ይህ ነገር ያስወጣኝን አስቀድሜ ልናገር፤ ዋጋውን ደብቆ ወሬ የሚጀምር ነጋዴ ሊያታልል ያሰበ ነው። አንድ የእህል ክፍል፣ አንድ ጄኔሬተርና አንዲት ልጅ አስወጥቶኛል። ልጅቱ በሕይወት አለች፣ ደህና ናት፤ ትናንትም ደውላ «መድኃኒትህን ዋጥክ?» ብላ ተቆጥታኛለች። ወጪ ያልኩት በሌላ መንገድ ነው፤ እደርስበታለሁ።

እኔ ቢቸና ጤፍ እነግዳለሁ፤ ሚስቴ ሞጣ የሸቀጥ ሱቅ አላት። ለምን አንድ ከተማ አትኖሩም የሚለን ሰው ብዙ ነው። ስንጋባ እሷ ከእናቷ የወረሰችው ሱቅ ነበራት፣ እኔ ደግሞ ገበሬው የለመደው መጋዘን ነበረኝ። «አንተ ና» አለች፤ «አንቺ ነይ» አልኩ። ሁለታችንም ነጋዴ ስለሆንን መጀመሪያ ዋጋ የሚቀንስ ጠፋ። ክርክሩ እስካሁን አልተዘጋም። ትዳሩ ግን በደብረ ወርቅና በግንደወይን በኩል በአውቶቡስ እየተመላለሰ ልጅ አሳደገ።

ስልክ እንዲህ በየኪሱ ሳይገባ በፊት በመካከላችን አንድ ልማድ ነበረን። ጤፍ ስልክላት የጆንያውን አፍ በሲባጎ አስራለሁ። እሷ ጆንያው ሲደርሳት ሲባጎውን አትቆርጠውም፤ ትፈታውና መሐሉ ላይ አንድ ቋጠሮ ቋጥራ በሾፌሩ እጅ ትመልስልኛለች። ቋጠሮው የእሷ ነው፤ ሌላ ሰው እንደዚያ መቋጠር አይችልም። ሲባጎው እጄ እስኪገባ ጤፉ ለእኔ ገና መንገድ ላይ ነው። ልጃችን ትንሽ ሆና ከእናቷ ወደ እኔ በመጣች ቁጥር ሲባጎውን በእጇ ላይ እንደ አምባር ጠምጥማ ትወርድ ነበር። በኋላ ስልክ መጣ። «ደረሰ?» «ደረሰ።» ሲባጎው ቀረ።

ልጅቱ ኮምፒዩተር ተምራ ስትመረቅ ባሕር ዳር የሚቀጥራት ድርጅት አገኘች። «እስከ መስቀል ጊዜ ስጡኝ» ብላ ጻፈችላቸውና ቢቸና መጣች። ሐሳቧ ይህ ነበር፦ እዚህ የመድኃኒት ቤቱም፣ የወፍጮ ቤቱም፣ የፎቶ ቤቱም ሥራ በአንዳንድ ደካማ ኮምፒዩተር ላይ ነው፤ ኮምፒዩተሩ የተቃጠለ ቀን ሥራውም አብሮ ይቃጠላል። እሷ ደግሞ የሁሉንም በአንድ ትልቅ ማሽን ውስጥ ልታስቀምጥ፣ የዚያን ማሽን መንታ ሞጣ እናቷ ሱቅ ልታኖር አሰበች። ቢቸና ቢቃጠል ሞጣ አለ።

«እስከ መስቀል ከሠራልኝ እዚሁ እቀራለሁ፤ ካልሠራ ባሕር ዳር እገባለሁ» አለችን።

እናቷ «የተገኘ ሥራ አይጠበቅም፣ ሂጂ» አለች። እኔ እንድትቀር ፈልጌያለሁ፤ ግን ዝም አልኩ። ነጋዴ የወደደውን ዕቃ ፊት ለፊት አያመሰግንም፤ ዋጋ ይጨምርበታል። በማግሥቱ፣

«የኋላውን ክፍል ከፈለግሽው ውሰጂው፤ ጤፉን ነቀዝ አስቸግሮታል» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ከጤፍ ላይ ነቀዝ?»

«ዘንድሮ ጀምሯል።»

ጤፍን ነቀዝ እንደማይደፍረው የቢቸና ሕፃን ያውቃል። መጥረጊያ አንሥታ ክፍሉን መጥረግ ጀመረች።

ማሽኑ ገባ። አንድ ጠዋት ምን እየሠራች እንደሆነ ልታስረዳኝ ወንበር ሰጠችኝ።

«አባዬ፣ ይሄ የምታየው ፋይል ዲስክ ነው።»

«ፋይል ነው ወይስ ዲስክ?»

«ፋይል ነው። ውስጡ ያለው ኮምፒዩተር ግን ዲስክ ይመስለዋል።»

«ውስጡ ያለውስ ኮምፒዩተር ነው?»

«እሱም ኮምፒዩተር ነኝ ይላል።»

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አልኳት።

«ይችን ላም ሞጣ እንልካታለን፤ ወተቷን እናቴ ትጠጣዋለች» አለችኝ። መልስ የምታሳጣ ልጅ ናት፤ በማን እንደወጣች አልናገርም፤ ሞጣ ይሰማል።

ችግሩ መላኩ ነበር። ኔትወርኩ አንድ ቀን ይመጣል፣ ሌላ ቀን ይቀራል። ስለዚህ ኮፒው በሃርድ ዲስክ ሆኖ በአውቶቡስ ይሄዳል። ሁሉንም ነገር ከላይ እስከ ታች መገልበጥ ደግሞ አውቶቡሱ እስኪነሣ አያልቅም። ይህን ስትነግረኝ ወዲያው የገባኝ በሚስቴ ስልክ ነው። ሚስቴ ስትደውል ሰላምታዋ ከላይ ይጀምራል፤ እንዴት ነህ፣ ጤናህ፣ ወገብህ፣ ጎረቤቱ፣ የጎረቤቱ ላም፣ የጎረቤቱ ላም ጥጃ። ጠዋት ያወራነውን ማታም ከመጀመሪያው ትጠይቀኛለች። ዋናው ጉዳይ ላይ ስትደርስ ካርዱ ያልቃል። ልጅቱ የፈለገችው «ከጠዋት ወዲህ ምን ተቀየረ?» ብሎ የሚጠይቅ ማሽን ነው።

ለዚህ ዘዴ አለው። ዲስኩን እኩል እኩል ቁራጭ አድርጋ ትከፍለዋለች፤ እያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ነጥብ አለው። ቁራጩ ከተነካ ነጥቡ ይበራል፤ ካልተነካ እንደጠፋ ይቆያል። ነጥቦቹን ሁሉ የያዘውን እሷ ቢትማፕ ትለዋለች፤ እኔ የነጥብ ካርታ እለዋለሁ። የሞጣ አውቶቡስ ሊነሣ ሲል ካርታውን ታያለች፣ የበሩትን ብቻ ሃርድ ዲስኩ ላይ ትጭናለች። ሞጣ ላይ እናቷ ሃርድ ዲስኩን ከመንታው ማሽን ጋር ታገናኛለች፤ እያንዳንዱ ቁራጭ በቦታው ይገባል።

ያኔ የምትጠቀምበት ፕሮግራም ግን ካርታውን የሚይዘው በጭንቅላቱ ብቻ ነበር። መብራት ጠፋ ማለት ካርታው ጠፋ ማለት ነው፤ የትኛው እንደተነካ የሚያውቅ የለም፤ እንደገና ሁሉንም ከላይ እስከ ታች መገልበጥ። የእኛ አገር መብራት ደግሞ እንደ ደላላ ነው፤ ሲመጣ ያስደስታል፣ ሲሄድ አይሰናበትም። ጄኔሬተሩን የገዛሁት በዚህ ምክንያት ነው። ናፍጣ ሲጠፋ ጄኔሬተሩም ጠፋ።

«ካርታው እዚያው ዲስኩ ፋይል ውስጥ መጻፍ አለበት» አለች አንድ ቀን። «አዲስ ፎርማት እሠራለሁ።»

ፎርማት ማለት ምን እንደሆነ ጠየቅኋት። ፋይሉ ውስጥ ምን ከምን በኋላ እንደሚቀመጥ የሚወስን ውል ነው አለችኝ። «ከዓመታት በኋላ እኔን የማያውቅ ሰው ፋይሉን ሲከፍተው እንዳይሳሳት ከአሁኑ የምዋዋለው።» ውል ሲባል እኔም ጆሮዬን ሰጠሁ። ጆንያ እደረድርበት የነበረው ግድግዳ ላይ ወረቀት በወረቀት ለጠፈች፤ ፊት ላይ የፋይሉ ማንነት፣ ቀጥሎ የዲስኩ መጠን፣ ቀጥሎ ካርታው የት እንዳለ የሚጠቁም፣ ቀጥሎ ካርታው፣ ቀጥሎ ቁራጮቹ። እኔም ከገበያ ስመለስ እየገባሁ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ማየት ለመድኩ። ያልተጠየቅሁትን ምክር መስጠትም ለመድኩ።

«ካርታውን ለብቻው በሌላ ፋይል ብታስቀምጪውስ? አንዱ ቢበላሽ አንዱ ይተርፋል» አልኳት።

«ተለያይተው ቢቀሩስ? የዛሬው ካርታ ከትናንቱ ዲስክ ጋር ቢገናኝ ይዋሻል። አንድ ላይ መሆን ያለባቸው ነገሮች በሁለት ቦታ ሲኖሩ ምን እንደሚሆን እያየሁ ነው ያደግሁት።»

ይህን ስትል ፊቷን ከወረቀቱ አላነሣችም። እኔ ውኃ ጠማኝና ወጣሁ።

ሌላ ቀን በቁራጩ መጠን ተጨንቃ አገኘኋት። «ትንሽ ካደረግሁት ነጥቡ በዝቶ ካርታው ይገዝፋል። ትልቅ ካደረግሁት አንዲት ፊደል ስትቀየር አንድ ጆንያ ሙሉ እጭናለሁ።»

«መካከለኛውን ያዢያ!»

«እሱንማ ማንም ይላል፤ መካከለኛው የቱ ነው?»

ይኸው ነው፤ ምክሬ ሁሉ እንዲህ ተመልሶ መጣ። እሷ ሁለት ሳምንት ያህል እየለካች የመረጠችውን መረጠች። አንዱን ሕጓን ግን ወደድኩት፦ ቁራጩ ከመጻፉ በፊት ነጥቡ ይብራ። መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ፣ ነጥቡ በርቶ ጽሑፉ ካልገባ አንድ ቁራጭ ያለ ጥቅም ተጭኖ ሞጣ ይሄዳል፤ ኪሳራው የጭነት ነው። ጽሑፉ ገብቶ ነጥቡ ካልበራ ግን ጎደለ የሚል ሳይኖር ይጎድላል። ከዚህ ዓይነቱ ኪሳራ እኔም ስሸሽ ነው የኖርኩት።

ካርታውን በሚጠቁመው ገጽ ላይ ባዶ የተተወ ቦታ አየሁና «ይሄ ምን ሊገባበት ነው?» አልኩ።

«አላውቅም።»

«ለማታውቂው ነገር ቦታ ትይዣለሽ?»

«አንተ ቤት ማዕድ ሲቀርብ የእንግዳ ድርሻ አይተውም? ማን እንደሚመጣ አውቀህ ነው?»

ቦታው እንደዚያ ባዶ ሆኖ ቀረ።

ክረምቱ ሲገባ ሥራው ተጀመረ። በየሳምንቱ ሃርድ ዲስኩ በትንሽ የቆዳ ከረጢት ሆኖ ከሞጣው አውቶቡስ ሾፌር ጎን ይቀመጣል። ሾፌሩ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ለጆንያም ለዲስክም ፊቱ አንድ ነው። «ምን አለበት ጋሼ?» አለኝ መጀመሪያ ቀን። «የፎቶ ቤቱ ሙሽሮች ሁሉ አሉበት» አልኩት። ከረጢቱን መዘነና «አይከብዱም» አለ።

የመጀመሪያው ደንበኛችን ፎቶ ቤቱ ነበር። ባለቤቱ እኩያዬ ነው፤ የቢቸናን ሠርግ ሁሉ ያነሣው እሱ ነው፤ እኔንም አንሥቶኛል፤ ያኔ ጸጉር ነበረኝ። የድሮ ፎቶዎቹን ሁሉ ኮምፒዩተር ውስጥ ለማስገባት ዓመታት ፈጅቶበታል። «አደራ ነው» ብሎ ለልጄ ሰጣት። አደራ የሚለው ቃል እኛ ዘንድ እንደ ደህና ዋል የሚጣል አይደለም። ልጅቱም ገብቷታል፤ ያን ቀን እራቷን አልበላችም።

ሐምሌ አልፎ አልፎ ፀሐይ በሚያሳይበት ሰሞን ባለ ፎቶ ቤቱ ለለቅሶ ሞጣ ሄደ። በዚያው ሚስቴ ሱቅ ጎራ ብሎ «እስቲ ሙሽሮቼን አሳዪኝ» አላት። ከፈተችለት። እሱ እያየ፣ እያደነቀ፣ አንዷ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሙሽራዋ ከአፍንጫዋ በታች ግራጫ ሆናለች። አገጭ የላትም፣ ቀሚስ የላትም።

ከዚያው ስልክ ደወለልኝ። «ስማ፣ ይችን ልጅ በግማሽ ነው እንዴ የዳርናት?»

ልጅቱ እንደሰማች ቢቸና ያለውን ከፈተች፤ እዚህ ሙሽራዋ ሙሉ ናት። እንግዲህ መንገድ ላይ የጠፋ ነገር አለ። ከእናቷ ጋር በስልክ ያደረጉትን ክርክር ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሰማሁ፤ ድምፁን ከፍ አድርጋው ነበር።

«እማዬ፣ ሳታገናኚው የተመለሰ ሃርድ ዲስክ አለ?»

«የለም። ማለት፣ ያ የጊዮርጊስ ዕለት የመጣው ብቻ ነው።»

«ለምን?»

«ለምን ትላለች እንዴ! ጊዮርጊስ ነዋ። ማኅበሩም የእኔ ተራ ነበር። ቤቴ ሰው ሞልቶ ሥራ ልሥራ?»

«እማዬ፣ መሰካት ብቻ እኮ ነው! የሚሠራው ማሽኑ ነው።»

«ማሽን ሲሠራ ቆሞ ማየትም ሥራ ነው። ሱቄን ዘግቼ ማሽን ላሠራ?»

«እሺ፣ በማግሥቱስ?»

«በማግሥቱ ሾፌሩ በጠዋት መጣ። ‹ሃርድ ዲስኩ በነጋታው ሳይመለስ እንዳይቀር› ብለሽኛል። መለስኩልሽ። ምን ቀረብሽ?»

በዚህ ላይ ምን ይባላል? እናቷ የታዘዘችውን በሰዓቱ ፈጽማለች። የቢቸናው ማሽን ደግሞ ሃርድ ዲስኩን ጭኖ በላከ ጊዜ «ደርሷል» ብሎ ነጥቦቹን ሁሉ አጥፍቷቸዋል። ሃርድ ዲስኩ ሲመለስ የሚቀጥለው ጭነት በላዩ ተጻፈበት። ያ የጊዮርጊስ ዕለት ጭነት ሞጣ ደርሶ፣ ማኅበር ውሎ፣ ሳይወርድ ተመለሰ፤ ማንም አላወቀም።

«ጥፋቱ የእማዬ ነው» ልል አፌን ስከፍት ልጅቱ ቀደመችኝ። «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ እንዳትል። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሕግ ስጽፍ መድረሱን ሳላረጋግጥ ነው የሰረዝኩት።»

የጠፋው ተመልሷል፤ ዋናው ቢቸና ስላለ ሁሉንም ከላይ እስከ ታች እንደገና ገልብጣ ላከችው። የልጅቱ ልብ ግን አልተመለሰም። «በዚያ ሳምንት ቢቸና ቢቃጠል ኖሮ ሰውየውን ምን እለው ነበር?» እያለች ግድግዳውን ታያለች። ባለ ፎቶ ቤቱ ራሱ መጥቶ «እኔ እኮ ቀልዴን ነው፤ እሷም ብትሆን ከአፍንጫዋ በላይ ነው መልክ ያላት» ብሎ ሊያስቃት ሞከረ። አልሳቀችም። አንድ ቀን ለባሕር ዳሩ ድርጅት የምትልከውን ደብዳቤ ስትጀምር አየሁ። እኔ ምን አቅም አለኝ? ጤፍ መመዘን እንጂ ነጥብ ማብራት አልችልም። ወጥቼ መጋዘን ገባሁ።

ተከትላኝ መጣች፤ ጆንያ ላይ ተቀመጠች። የጆንያውን ሲባጎ በጥፍሯ ትጎትታለች፤ ልትበጥሰው ነው።

«አትበጥሺው! ፍቺው» አልኳት። ልማድ ነው፤ ሌላ የማስበው ነገር አልነበረም፤ ሲባጎዬን ማዳኔ ነው።

«ለምንድነው የማይበጠሰው?»

«እንዲመለስ ነዋ።»

«አሁን እኮ አይመለስም።»

«አሁንማ ስልክ አለ።»

እጇ ቆመ። ወደ ግራ አንጓዋ አየች፤ በልጅነቷ ሲባጎው ይጠመጠምበት የነበረው ቦታ ላይ። «እኔ ነበርኩ የማመጣው» አለች። «እስካመጣው ድረስ አንተ ጤፉን ከራስህ ላይ አታወርደውም ነበር።»

«አላወርድም።»

«ሲባጎው ሳይመጣ ሌላ ጤፍ ብትልክስ?»

«ሁለቱንም በሐሳቤ እይዛቸዋለሁ። የመጀመሪያው አልደረሰም ከተባልኩ ደምሬ አንድ ላይ እልካለሁ።»

ተነሥታ ሄደች። ደህና ዋልም አላለችኝ። ደብዳቤው ሳያልቅ ጠረጴዛው ላይ ሰነበተ፤ እኔም የቡና ስኒዬን እያስቀመጥኩበት አስረጀሁት።

የሠራችው ይህን ነው። ጭነት ሲላክ ካርታው አይጠፋም፤ ይታሸጋል፤ ከዚያ በኋላ የሚነካው ቁራጭ ከጎኑ በሚከፈት አዲስ ካርታ ላይ ይበራል። የሞጣው ማሽን ጭነቱን አውርዶ ሲጨርስ ሃርድ ዲስኩ ላይ «ወስጃለሁ» የሚል ምልክት ይጽፋል። ምልክቱ ቢቸና ሲመጣ ብቻ አሮጌው ካርታ ይሰረዛል። ሳይመጣ ከቀረ ሁለቱ ካርታዎች ይደራረባሉ፤ በአንዱ የበራ ሁሉ በርቶ ይቀራል፣ እንደገና ይጫናል። የሁለተኛው ካርታ መጠቆሚያ ደግሞ የት ገባ? ያ የእንግዳ ድርሻ ተብሎ ባዶ የቀረው ቦታ ላይ። ስለዚህ የድሮዎቹ ፋይሎች አንዳቸውም አልተጣሉም። ይህን ስታሳየኝ «እንግዳው መጣ» አለች፤ ከብዙ ቀን በኋላ ያን ጊዜ ሳቀች።

ለሙከራ እናቷ አንድ ሳምንት ሆን ብላ ሃርድ ዲስኩን ሳታወርድ እንድትመልሰው ተጠየቀች። «ያኔ ስመልሰው አስለቀስሽኝ፤ አሁን መልሺ ትይኛለሽ» ብላ መለሰችው። በሚቀጥለው ጉዞ የሁለቱም ሳምንት አብሮ ሄደ። አንድም ቁራጭ አልጎደለም።

ፍልሰታ ገባ። በጾም ሠርግ ስለሌለ ፎቶ ቤቱ ቀዝቅዟል። አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ በርትቶ መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩን አስነሣን። መብራቱ ሲመለስ ከጄኔሬተር ወደ መብራት የሚያዛውረው መቀያየሪያ ተጣብቆ አልለቀቀም። ሁለቱ ኃይል ተገናኙ። አንድ ጊዜ ጧ አለ፤ ከኋላው ክፍል የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ መጣ። ጄኔሬተሩ ሞተ። ማሽኑም ሞተ። ልጅቱ ክፍሉ በር ላይ ቆማ «እንግዲህ ሞጣ» አለች።

በማግሥቱ ባለ ፎቶ ቤቱን ይዘን ሦስታችን ተሳፈርን። ግንደወይን ስንደርስ ባለ ፎቶ ቤቱ «የጠፋ እንደሆነ ሁሉንም እንደገና አጋባቸዋለሁ» አለ። ሾፌሩ እንኳን ፈገግ አለ።

ሚስቴ ሱቁን ዘግታ ጠበቀችን። ልጅቱ ማሽኑን ልታስነሣ እጇን ዘረጋች። ሚስቴ «ቆይ!» አለችና በስመ አብ ብላ አማተበች፤ ማሽኑንም አማተበችበት። ከዚያ ተከፈተ። በቢቸና ኖሮ የማያውቅ ኮምፒዩተር ቢቸና ያለ መስሎት ሥራውን ጀመረ።

ባለ ፎቶ ቤቱ ያችን ሙሽራ ፈለጋት። መጣች፤ ከጸጉሯ እስከ ጫማዋ። አገጭ አላት፣ ቀሚስ አላት። ሚስቴ ጠጋ ብላ አየቻትና፣

«አፍንጫዋም እንደነበረ ነው፤ ምንም አልተሻሻለም» አለች።

ሰውየው እየሳቀ ዓይኑን ጠረገ። የጎደለው ከመጨረሻው ጉዞ ወዲህ የተነሣው ብቻ ነው፤ እሱም የሁለት ሰው ጉርድ ፎቶ ነው። ተጠርተው እንደገና ተነሡ፤ አንደኛው «የጠፋው ይሻል ነበር» እያለ እስከ ዛሬ ይከሰናል።

እንግዲህ ሠርቷል፤ በቃሏ መሠረት ልጄ ልትቀር ነው። እኔ ደስታዬን እየደበቅሁ ሱቁ ደጃፍ ተቀመጥኩ። ሚስቴ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠችና በቀስታ፣

«አሁን እዚያ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ምን ልትሠራ ነው?» አለችኝ።

«ማሽኑን ትጠብቃለቻ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ጠባቂ እንዳይፈልግ አድርጋ እኮ ነው የሠራችው።»

ጥሩ ገበያተኛ ናት፤ ዕቃው ላይ ያለውን ነገር አንድ ጊዜ አይታ ትናገራለች። ልጅቱን አየኋት። ቃሏን ስለሰጠች አፏን አትከፍትም፤ ልቧ ግን ሌላ የሚሠራ ነገር ይፈልጋል። መስቀል ደግሞ ቀርቧል። ቢቸና ስንመለስ የኋላው ክፍል ገብቼ ግድግዳውን እያየሁ፣

«ይህን ክፍል ልትለቂልኝ ይገባል» አልኳት። «ጤፍ ላስገባበት ነው። ነቀዙ ለቅቋል።»

ዞር ብላ አየችኝ። «ከጤፍ ላይ ነቀዝ ለቀቀ?»

«ዘንድሮ ለቀቀ።»

መጣችና ትከሻዬ ላይ ግንባሯን አሳረፈች። ከዚያ በነጋዴ ልጅ ድምፅ «በአንድ ነገር ብቻ» አለች። «ከአሁን በኋላ ዋናው ማሽን ሞጣ ይሁን፤ ቢቸና የሳምንቱን ሥራ የሚቀበል ትንሽ ማሽን ይቀመጥ። ሃርድ ዲስኩን ግን በየሳምንቱ አንተው በእጅህ ታመላልሰዋለህ። ሾፌር አይዘውም። አደራ ነው።»

አደራ ካለች በኋላ ምን ክርክር አለ? ተስማማሁ። መስቀል ሳይደርስ ባሕር ዳር ገባች። ወረቀቶቿን ከግድግዳው ላይ አላነሣሁም። ጤፍም አላስገባሁበትም፤ ስትመጣ የምትተኛበት ነው።

እኔም በየሳምንቱ መሳፈር ጀመርኩ። ከዚያ በፊት ሞጣ የምሄደው ወር አልፎ፣ አንዳንዴም ሁለት ወር አልፎ ነበር። ሚስቴ ጭነቱን አውርዳ ስትጨርስ የከረጢቱን አፍ በሲባጎ ታስረዋለች፣ መሐሉ ላይ ቋጠሮዋን ታደርጋለች። «ማሽኑ ምልክቱን ጽፎ የለም እንዴ?» ስላት «ማሽኑ የራሱን ይጻፍ፤ እኔ የራሴን አስራለሁ» ትላለች። እራት አብረን እንበላለን። ሰላምታዋን ከላይ እስከ ታች ትጠይቀኛለች፤ ካርድ ስለማያልቅ እመልስላታለሁ።

አንድ ቀን ወደ ቢቸና ስንመለስ ወገቤን አሞኝ ሾፌሩን፣

«ለመሆኑ ይህን ከረጢት አንተ ብታደርሰው ምን ችግር ነበረው?» አልኩት።

«ምንም።»

«ታዲያ?»

«ልጅዎ ‹አባቴ ቢለምንህም እንዳትቀበለው› ብላኛለች ጋሼ።»

ትንሽ ነድቶ «ለእናቷም ነግራታለች» ብሎ ጨመረ።

ልጄ እንደሸጠችኝ ያን ጊዜ ገባኝ። ዋጋ ሳልከራከር የተሸጥኩት በሕይወቴ ያን አንድ ጊዜ ነው። ለሚስቴ ደውዬ «ታውቂ ነበር?» ስላት ሳቀችና «ወገብህ እንዴት ነው?» ብላ ሰላምታውን ከላይ ጀመረችው።

ሂሳቡ እንግዲህ ይህ ነው። ክፍል አንድ፣ ጄኔሬተር አንድ፣ ልጅ አንዲት ወጪ። ሚስት አንዲት ገቢ።